የማሪቱ ፈላስፎች

ሰበታ ውስጥ ባለ አንድ የብርድ ልብስ ፋብሪካ በር ላይ ነጭ ሰሌዳ ተሰቅሏል። ካይዘን የገባ ሰሞን የተሰቀለ ነው። በግራ በኩል አምስቱ ማዎች ተደርድረዋል፤ ማጣራት፣ ማደራጀት፣ ማጽዳት እያሉ ይወርዳሉ። በቀኝ በኩል የሳምንቱ ምርት አለ። መሀል ላይ ደግሞ «የዕለቱ የሊቃውንት አባባል» የሚል ርዕስ፣ ከሥሩም ባዶ ቦታ። ያንን ባዶ ቦታ በየማለዳው እንድትሞላ የታዘዘችው የፋብሪካው ታይም ኪፐር ማሪቱ ናት። ሠራተኛው የገባበትንና የወጣበትን ሰዓት መዝገብ ላይ የምታሰፍረው እሷ ናት፤ ከሁሉ ቀድማ በሩ ላይ የምትገኘውም እሷው ናት፤ የእጅ ጽሑፏም ለጉድ ነው። በቃ፣ ለዚያ ነው። ትወጂዋለሽ ወይ ብሎ የጠየቃት የለም። ደግነቱ ወደደችው።

ማሪቱ ሃምሳ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። የተወለደችው ጎጃም፣ ደብረ ማርቆስ አጠገብ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል እንደጨረሰች ከመምህራን ማሠልጠኛ የጥሪ ደብዳቤ ደርሷት ነበር። እናቷ ታመው ስለነበር «ለከርሞ እሄዳለሁ» አለች። ከርሞ ሲደርስ ዳኜ የሚባል የጭነት መኪና ሾፌር መጥቶ አገባትና ጠቅልሎ ሰበታ አመጣት። ዳኜ ደግ ሰው ነበር፤ ከሞተ አሥራ አራት ዓመቱ ነው። አንዲት ልጃቸው ቲቲ ሱሉልታ አግብታ ትኖራለች። የማሠልጠኛው ደብዳቤ ዛሬም አለ፤ ከሠርጓ ፎቶግራፍ ጀርባ፣ ፍሬሙ ውስጥ ተጣጥፎ ተቀምጧል። ቲቲ እንኳ አታውቅም። እንዲህ ያለች ሴት በስተርጅና ሰሌዳና ማርከር ሲሰጧት ምን እንደሚሰማት እንግዲህ እናንተው ገምቱ።

አባባሎቹን የምታገኘው ከካላንደር ነበር። መስከረም በጠባ ቁጥር መናኸሪያው አጠገብ ካለ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ትገባና፣ ቅጠሉ በየቀኑ የሚገነጠለውን፣ ከጀርባው የሊቃውንት አባባል የታተመበትን ካላንደር ትገዛለች። አንድ ቀን የግሪክ ፈላስፋ ነው፣ በማግሥቱ የቻይና ሊቅ፣ በሦስተኛው ቀን የጀርመን ምሁር። ሁሉም ግን ተማክረው የመጡ ይመስል የሚሉት አንድ ነገር ነው፤ ትችላለህ፣ ተነስ፣ ጀምር። ማሪቱ አንዳንዴ ማርከሩን እንደያዘች «ወይ ጉድ! እናንተ ሰዎች ለመሆኑ ገና ሳይነጋ ሰርቪስ ጠብቃችሁ ታውቃላችሁ?» ትላለች ለራሷ። ግን ትጽፋለች። አሳምራ ነው የምትጽፈው።

አብዛኛው ሠራተኛ ከደቡብ የመጣ ነው፤ ከወላይታ፣ ከከምባታ፣ ከሀዲያ። እሁድ ቸርች፣ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ፋብሪካ። መጀመሪያ ሰሞን ሰሌዳውን ዞር ብሎ የሚያይ አልነበረም። እንዲነበብ ያደረገችው ጣቢታ ናት። ጣቢታ ካርዲንግ ላይ ትሠራ ነበር፤ ካርዲንግ የሚሉት ያንን ጥጡን በሺህ ጥርስ እያበጠረ የሚያወጣውን ትልቅ ማሽን ነው። የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ፣ ድምፅዋ የሚያምር፣ የቸርቿ ኳየር ዘማሪ። ለመፈረም ተራ ስትጠብቅ የዕለቱን አባባል ለሰልፉ ሁሉ ጮክ ብላ ታነብባለች፤ ሰልፉም «አሜን!» ይላል። ከዚያ ሣቅ በሣቅ ነው።

«እትዬ ማሪቱ፣» ትላለች ጣቢታ፣ «እኚህ ጀርመናዊ ጴንጤ ናቸው ኦርቶዶክስ?»

«ጴንጤ ቢሆንማ ይጮህ ነበር። ይኼ ቀስ ብሎ ነው የተናገረው።»

የማይስቁት የበሩ ዘበኛ ኦቦ ሊቤ ብቻ ናቸው። የቡራዩ ሰው ናቸው፤ ስድሳ አምስት ዓመት አልፏቸዋል። ጠዋት ማሪቱን «አካም ቡልቴ?» ብለው ሰላም ካሉ በኋላ ቀኑን ሙሉ ሁለተኛ ቃል አይወጣቸውም። በዚያ በር የሚወጣ ሰውና መኪና ግን አንድም አያመልጣቸውም፤ በገዛ ደብተራቸው በኦሮምኛ ይመዘግባሉ። ማንም አዝዟቸው አይደለም፤ ልማዳቸው ነው።

ነገሩ የሆነው በ2015 ሚያዝያ፣ አንድ ማክሰኞ ነው። የዚያን ቀን ካላንደሩ «እጁን ለዘረጋ ሰው የማይደረስበት ነገር የለም» ይላል። ጣቢታ ጠዋት አነበበችው፤ ሰልፉም አሜን አለ። ከቀኑ ሰባት ሰዓት ከአርባ ላይ፣ ሺፍቱ ሊያልቅ ሃያ ደቂቃ ሲቀረው፣ ካርዲንጉ የቀኝ እጇን ሦስት ጣቶች በላ። ክዳኑ ተነስቶ፣ ማሽኑ እየዞረ፣ የተጠራቀመውን ብናኝ ጥረጊ ተብላ ነው። ለጽዳት ማሽን ይቁም ሲባል የሺፍት መሪው ሽመክት አይወድም፤ ትዕዛዝ ይዘገያል። ስምንት ሰዓት ላይ በፋብሪካው ፒክአፕ ጭነው ወሰዷት።

ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ሽመክት ማሪቱ ሠራተኛ ወደምታስፈርምበት መስኮት መጣ። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ማሪቱዬ፣ ጣቢታ ሰባት ከሃያ ላይ ፈቃድ ወስዳ ወጥታ ነበር፣ አይደል?»

«የት ወጣች? እዚያው ማሽኗ ላይ…»

«ወጥታ ነበር። ሻሿን ረስታ ተመልሳ ገባችና ማሽኑን ነካች። ሥራ ላይ አልነበረችም። መዝገቡን እንዲያ አርጊው። ልጅቷን ድርጅቱ ያሳክማታል፣ ቃሌን እሰጥሻለሁ። አለዚያ ሁላችንም ነን ገደል የምንገባው፤ አንቺም ጭምር።»

ማሪቱ ብዕሩን አነሳች፣ አስቀመጠች፣ እንደገና አነሳች። ከጣቢታ ስም ፊት ለፊት፣ «የወጣበት ሰዓት» ከሚለው ሥር «7፡20» ብላ ጻፈች። አንድ አባባል ለመጻፍ የሚፈጅባትን ጊዜ እንኳ አልፈጀባትም። ሽመክት «ተባረኪ» ብሏት ሄደ።

ሕክምናው ሦስት ሳምንት ቆየ። ከዚያ «ሥራ ላይ የደረሰ አደጋ አይደለም» የሚል ደብዳቤ ለጣቢታ ተሰጣትና ቡራዩ አክስቷ ዘንድ ሄደች። ነገሩን ውሃ በላው። ፋብሪካው አንድ ሳምንት አዘነ፣ በሁለተኛው ሳምንት ሌላ ልጅ ተቀጠረች።

ማሪቱ ግን ከአደጋው በማግሥቱ የካላንደሩን ቅጠል ገንጥላ አነበበችና እጇ አልታዘዝ አላት። ምን እንደሚል ዛሬ አታስታውሰውም፤ ያው ትችላለህ የሚል ነገር ነው። ሰልፉ ቆሞ ይጠብቃል፤ አንባቢዋ የለችም። ማሪቱ ቅጠሉን ኪሷ ከተተችና ካላንደር ላይ የሌለ ነገር ጻፈች፤ «‹እችል ነበር› የሚል ሰው፣ ሁለት ጊዜ ነው ያልቻለው።» ከሥሩ የተናጋሪው ስም ያስፈልጋል። ጥቂት አሰበችና «የፋርስ ሊቅ» ብላ ጨመረችበት። ፋርስን የመረጠችው በእውቀት አይደለም። ሰበታ ሕንድ አለ፣ ቻይና አለ፣ ቱርክ አለ፤ ፋርስ ግን የለም። ነገ በር ላይ መጥቶ «እኛ አገር እንዲህ የሚል ሊቅ የለም» የሚል ሰው አይኖርም።

ከዚያ ወዲህ ልቧ በከበዳት ቀን ሁሉ ካላንደሩን ትታ የፋርሱን ሊቅ ታናግረዋለች። «ነገ የሚባለው አገር በፈሪ የተሞላ ነው» አለ አንድ ቀን። ሌላ ቀን ደግሞ «በሩ አልተቆለፈም ነበር፤ አንተ ነህ ያልገፋኸው» አለ። ጉድ የሚባለው ሠራተኛው ይህን ሊቅ ከግሪኩም ከቻይናውም አስበልጦ መውደዱ ነው። «ዛሬ ፋርሱ አለ?» እያለ ይመጣል። እሱ ያልተናገረ ቀን ሰልፉ ይቀዘቅዛል። ይባስ ብሎ ሽመክት ራሱ ዓይኑን በጨው አጥቦ በወር ስብሰባ ላይ «የፋርሱ ሊቅ እንዳለው…» ብሎ ንግግር ይጀምር ነበር። ማሪቱ ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጣ ትሰማዋለች። የምትገባበት ይጠፋታል።

እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ መጻፉ አስተነፈሳት እንጂ ሌላ ምንም አላደረገችም። ጣቢታ ያለችው ቡራዩ ነው፤ ቡራዩ ደግሞ አሜሪካ አይደለም። በሁለት ታክሲ ይደረሳል። በሁለት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ አልሄደችም። ብትሄድ ምን ትላታለች?

ዘንድሮ ግንቦት ላይ፣ አንድ ሰኞ፣ እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «ማስቆም እየቻልክ ካላስቆምክ፣ ያደረግኸው አንተ ነህ። የፋርስ ሊቅ።» ሌሊቱን ጣቢታን በሕልሟ አይታ ስለነበር ነው። ጻፈችውና ቀለል ብሏት ዋለች።

በማግሥቱ ማክሰኞ ይገዙ የሚባል የካርዲንግ ሠራተኛ መስመሩን የሚያቆመውን ቀዩን ቁልፍ መታ። ይገዙ ከከምባታ የመጣ፣ ሃያ ስምንት ዓመት ገደማ የሚሆነው፣ ዝምተኛ ልጅ ነው። ሚስቱ ቦሰና የመጀመሪያ ልጃቸውን ልትወልድ ቀኗን ትጠብቃለች። የሰሌዳውን አባባል በየቀኑ ከመዝሙር ደብተሩ ኋላ ገጽ ላይ ከነቀኑ ይገለብጣል፤ የፋርሱን በቀይ እስክሪብቶ ነው የሚጽፈው። ያን ቀን የካርዲንጉ ክዳን ተነስቶ፣ አዲስ የተቀጠረች ልጅ እጇን ሰድዳ ብናኝ ስታወጣ አየ። ሽመክት እንደለመደው «ሳታቆሚ ጥረጊ» ብሏት ነው። ይገዙ ማንንም አላስፈቀደም። ቀዩን ቁልፍ ሲመታው መስመሩ በሙሉ ቀጥ አለ፤ ጥጡ በየማሽኑ ጉሮሮ ተቀረቀረ፤ ያንን አጽድቶ እንደገና ለማስነሳት አራት ሰዓት ፈጀ።

ማንም አልተጎዳም። ጣጣው እዚህ ላይ ነው! አንድ ጣት ብትቆረጥ ኖሮ ይገዙ ጀግና ይሆን ነበር። ልጅቷ ግን እጇ ሙሉ ነው፤ ምን አደጋ አስቆምክ ቢሉት የሚያሳየው የለውም። ሽመክት «ያለ ፈቃድ ምርት ማስተጓጎል» ብሎ ከሰሰው፤ ይህ ደግሞ የሚያስባርር ጥፋት ነው።

ረቡዕ ዕለት የዲሲፕሊን ኮሚቴ ተቀመጠ። ሰብሳቢዋ የሰው ሀብት ኃላፊዋ ገነት ናት፤ ወጣት፣ ከመጣች ዓመት ያልሞላት፣ የድሮውን ነገር የማታውቅ። አጠገቧ የሠራተኛ ማኅበሩ ተወካይ አለ። ከሳሹ ሽመክት ፊት ለፊት ተቀምጧል። ይገዙ ተናገር ሲባል የመዝሙር ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ።

«ይህን ያስተማረኝ ድርጅቱ ነው፣» አለ። «በሩ ላይ ለጥፎ። ቀኑም ይኸው። ትልቅ ሊቅ ናቸው የተናገሩት። ማስቆም እየቻልኩ ባላስቆም እኔ ነኝ ያደረግሁት ይላሉ። ስለዚህ አስቆምኩ።»

ገነት ደብተሩን ገለጠች። ሦስት ዓመት ሙሉ፣ ቀን በቀን። ልጁን ማትረፍ እንደፈለገች ፊቷ ላይ ያስታውቃል። «የታወቀ ሊቅ አባባል ከሆነና እኛው በሰሌዳችን ያስተማርነው ከሆነ፣ እንደ ማቅለያ ይያዝለታል፤ በማስጠንቀቂያ ያልፋል» አለች።

«ሊቁ ማን ነው?» አለ ሽመክት። «ስም የለውም? መጽሐፍ የለውም? እኔ ኢንተርኔት ላይ ፈልጌ አጣሁት።»

በየወሩ ስብሰባ ላይ ሲጠቅሰው የኖረው ራሱ መሆኑን ያነሳበት የለም። ማሪቱ ተጠራች። ነገ አራት ሰዓት ላይ የሊቁን ስምና የተናገረበትን መጽሐፍ ይዛ እንድትቀርብ ተነገራት። «ስም ብቻ ያምጡልኝ» አለቻት ገነት፣ ኮሪደር ላይ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

ከሰዓት በኋላ ሽመክት ወደ መስኮቱ መጣ። የዛሬ ሁለት ዓመት የቆመበት ቦታ ላይ ቆመ።

«ከራስሽ ነው የጻፍሽው፣ አይደል? አውቄያለሁ። ነገ ‹ከየት እንዳመጣሁት ረሳሁት› በይና ውጪ። ልጁ እንደሆነ ሌላ ቦታ ይገባል፤ ሰበታ ፋብሪካ ሞልቶ! አንቺ ግን ጡረታሽ ስምንት ወር ነው የቀረው። የቆየ ነገር አናንቀስቅስ።»

«የቱን የቆየ ነገር?» አለች ማሪቱ።

«አንቺም ታውቂዋለሽ፣ እኔም አውቀዋለሁ» ብሏት ሄደ።

ሽመክት ከሄደ ገና አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ይገዙ መጣ። ከሥራ አግደውታል፤ ልብሱን ቀይሮ ሊወጣ ነው። ኮፍያውን አውልቆ በሁለት እጁ ያዘ።

«እትዬ ማሪቱ፣ ጠዋት የማደርሰው ጸሎት ላይ እኚያን ሊቅ አነሳቸዋለሁ። አማኝ ይሁኑ አይሁኑ አላውቅም፤ ግን እግዜር ነው በእሳቸው አፍ ያናገረኝ። ለቦሰናም ነግሬያታለሁ፤ ልጁ ወንድ ከሆነ በስማቸው ነው የምንጠራው። ስማቸው ማን ነው?»

ማሪቱ አንድ የፋርስ የሚመስል ስም ፈጥራ ብትነግረው ደስ ብሎት ይሄድ ነበር። ስሙም አፏ ላይ ደርሶ ነበር። «ነገ… ነገ ትሰማዋለህ» አለችው። አመስግኗት ወጣ። ማሪቱ መስኮቱን ዘጋችና በነጠላዋ ጠርዝ አፏን አፍና አለቀሰች። ማፈርም፣ መናደድም፣ ራሷን መጠየፍም ነበር።

ሲወጣላት ማሰብ ጀመረች። ስም ብትፈጥር ገነት ስልኳን አውጥታ ወዲያው ታጣራዋለች። «እኔ ነኝ የጻፍኩት» ብላ ብቻ ብትቀመጥ ይገዙ ማቅለያው ይነሳበትና ይባረራል። ልጁን የሚያድነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያ ማሽን ክዳኑ ተነስቶ ሲጠረግ የሰው እጅ መብላቱን ማሳየት። ይህን ደግሞ የሚያሳየው መዝገብ ተበላሽቷል። ያበላሸችው እሷ ናት።

ተነስታ ወደ በሩ ሄደች። ኦቦ ሊቤ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠዋል።

«ኦቦ ሊቤ፣ የሁለት ሺህ አሥራ አምስት ሚያዝያ ደብተርዎ አለ?»

ኦቦ ሊቤ ቀና ብለው አዩዋት። ከዚያ ተነስተው ዘበኛ ቤቱ ውስጥ ካለው ሣጥን፣ ከአሮጌ የዝናብ ልብስ ሥር፣ አንድ ቡናማ ደብተር አወጡ። ገጹን መፈለግ አላስፈለጋቸውም፤ ምልክት አድርገውበታል። በኦሮምኛ ተጽፏል፤ ማሪቱ ያን ያህል ታነብባለች። በዚያ ማክሰኞ ከሰባት ሰዓት እስከ ስምንት በበሩ የወጣች ሴት የለችም። ስምንት ሰዓት ላይ ፒክአፕ፣ ጣቢታ፣ እጇ በደም።

«ይህን ሁሉ ጊዜ ለምን አልተናገሩም?»

«ማንም አልጠየቀኝም» አሉ። ደብተሩን አቀበሏትና «አንቺስ?» አሏት።

ማሪቱ ደብተሩን በነጠላዋ ጠቅልላ ያዘችው።

ማታ ለልጇ ለቲቲ ሱሉልታ ደወለችና ሁሉንም ነገረቻት። ቲቲ ጮኸችባት። «እማዬ፣ አንቺን ምን አገባሽ? ስምንት ወር እኮ ነው! ጡረታሽን ያዢና ከዚያ በኋላ የፈለግሽውን ተናገሪ!»

«ለከርሞ ማለትሽ ነው?» አለች ማሪቱ። ቲቲ አልገባትም። ማሪቱም አላብራራችላትም፤ ደህና እደሪ ብላ ስልኩን ዘጋች።

ሐሙስ አራት ሰዓት ላይ ኮሚቴው ፊት ቆመች። ተቀመጪ ብትባልም አልተቀመጠችም። ገነት ብዕሯን አዘጋጅታ «እሺ እትዬ ማሪቱ፣ የሊቁ ስም?» አለች። ይገዙ ከጥግ ወንበሩ አንገቱን አስግጎ ይጠብቃል።

«ሊቅ የለም» አለች ማሪቱ።

«አላልኳችሁም?» አለ ሽመክት፣ እጁን አጨብጭቦ።

«ቆይ አልጨረስኩም። ያን ቃል የጻፈው ሊቅ አይደለም፤ ፈሪ ናት የጻፈችው። እኔ ነኝ። ለምን እንደጻፍኩት ደግሞ እነግራችኋለሁ።»

ነገረቻቸው። የጣቢታን እጅ፣ የተነሳውን ክዳን፣ መስኮቱን፣ ሰባት ከሃያን። የድሮውን መዝገብ አስመጣች፤ የገዛ እጇን ጽሑፍ በጣቷ አሳየች። ከጎኑ የኦቦ ሊቤን ደብተር ዘረጋች። «ይህ ማሽን ክዳኑ ተነስቶ ሲጠረግ ሰው በልቷል። ሥራ ሰዓት ላይ ነው የበላው። ይገዙ ያስቆመው ያንን ነው። እኔ አላስቆምኩም፤ ይባስ ብዬ የውሸት ሰዓት ጻፍኩላቸው።»

«ሴትየዋ ጤና የላትም!» አለ ሽመክት ከወንበሩ ተነስቶ። «የዘበኛ ደብተር ማስረጃ ነው እንዴ?»

«ይቀመጡ» አለችው ገነት። ሁለቱን ገጾች ጎን ለጎን አድርጋ ረጅም ጊዜ አየች። የማኅበሩ ተወካይ ወለሉን ነው የሚያየው። ኦቦ ሊቤ ተጠርተው ገቡ። ደብተሩ የእርስዎ ነው ሲባሉ «አዎ» አሉ። ለምን እስከ ዛሬ ዝም አሉ ሲባሉም ለማሪቱ የሰጧትን መልስ ሰጡ።

ይገዙ በዚህ ሁሉ መሀል የመዝሙር ደብተሩን ጉልበቱ ላይ አድርጎ በቀይ የጻፋቸውን ሲያገላብጥ ነበር። ዘመድ የሞተበት ይመስላል። መጨረሻ ላይ ቀና ብሎ ማሪቱን አያት። «ታዲያ አባባሉ ውሸት ነው?» አለ።

«እሱስ እውነት ነው» አለች ማሪቱ። «ውሸቷ እኔ ነበርኩ።»

ውሳኔው በሳምንቱ ወጣ። ይገዙ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠው፤ ያለ ፈቃድ መስመር ማቆም ያው ያለ ፈቃድ መስመር ማቆም ነው፤ መሥሪያ ቤት እንዲህ ነው። ወደ ሥራው ግን ተመለሰ። በዚያው ሰሞን ቦሰና ሴት ልጅ ወለደች፤ የስሙም ጣጣ በዚያው ቀረ። ሽመክት ጉዳዩ እስኪጣራ ከሺፍት መሪነት ተነሳ። የካርዲንጉ ክዳን ተቆለፈ፤ ቁልፉም ማሽኑ ካልቆመ አይከፈትም። ማሪቱ ሰነድ በማዛባት ከባድ ማስጠንቀቂያ ደረሳት፤ ከመጪው ወር ጀምሮ ከበሩ ተነስታ መጋዘን ውስጥ ትሠራለች። ሰሌዳው ለቢሮ ጸሐፊዋ ተሰጠ። ጸሐፊዋ ካላንደር ገዝታ የመጀመሪያውን ቅጠል ገለበጠች፤ አንድ ግሪካዊ ነው፤ ትችላለህ ይላል። ሰልፉ አላነበበውም።

የጣቢታ ጉዳይ እንደገና ይከፈት ተባለ። ለዚያ ደግሞ መዝገቡ መስተካከል አለበት፤ ያጠፋው እጅ ራሱ ያስተካክለው፣ ባለጉዳይዋም አይታ ትፈርም ተባለ። ማሪቱ በበሩ ላይ በሠራችበት የመጨረሻ ቀን ጣቢታ ከቡራዩ መጣች። ኦቦ ሊቤ ከበርጩማቸው ብድግ ብለው በሩን ከፈቱላት። ከስታለች፤ ቀኝ እጇን በሹራቧ ኪስ ከትታዋለች። ሰልፉ ውስጥ ካሉት አንዳንዶቹ ስሟን ጠሩ። እሷ ግን ሰሌዳውንም ሰልፉንም አላየችም፤ ቀጥታ ወደ መስኮቱ መጣች።

ማሪቱ መዝገቡን ገልጣ ጠብቃታለች። «7፡20» የሚለው ላይ አንድ መስመር ተሰምሮበታል። ከጎኑ በቀይ፣ በዚያ በሚያምረው እጅ ጽሑፍ፣ «አልወጣችም ነበር» የሚል ተጽፏል፤ ፊርማም አለው። ጣቢታ አነበበችው። በዚያ ድሮ ለሰልፉ በምታነብበት ድምፅ አይደለም፤ በከንፈሯ ብቻ ነው። ከዚያ ቀና አለች።

«እትዬ ማሪቱ፣» አለች፣ «ሁለት ዓመት ሙሉ የት ነበሩ?»

ማሪቱ ብዕሩን በጣቢታ ግራ እጅ በኩል አቀበለቻት።

«እዚሁ ነበርኩ» አለች። «በሩ ላይ።»